ባሕሩ በስንት ሰዓት ይመለሳል?

ዛንዚባር ደሴት ላይ ያለችው የባሕር ዳር መንደር ጃምቢያኒ የደረስኩት ረፋድ ላይ ነው፣ አምስት ሰዓት ገደማ። ቦርሳዬን አልጋው ላይ ወረወርኩት። ቁምጣ ቀየርኩ። ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወደ ባሕሩ ሮጥኩ።

ባሕሩ የለም።

እያጋነንኩ አይደለም። ፎቶ ላይ ያ ሰማያዊ ውሃ በነበረበት ቦታ እርጥብ አሸዋ ተዘርግቷል። ጀልባዎች በጎናቸው ተጋድመዋል። እዚህም እዚያም ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ኩሬ አለ። ውሃውማ ምናልባት አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሞገዱ የኮራል ድንጋዩ ላይ ሲሰበር እንደ ነጭ ክር ይታያል። አንድ ሰውዬ ባሕር መሆን በነበረበት ቦታ ላይ ብስክሌቱን እየነዳ በፊቴ አለፈ።

ወደ ፔንሲዮኑ ተመለስኩና በሩ ላይ የተቀመጠውን ልጅ፣ ጥፋቱ የእሱ ይመስል፣ «ባሕሩ የት ሄደ?» አልኩት። ሳቀ። በቀን ስንት ሰው ይህን እንደሚጠይቀው እግዜር ይወቅ። «ይመለሳል ካካ» አለኝ። ካካ ወንድሜ ማለት ነው። በስንት ሰዓት? «ሳአ ኩሚ።»

አስር ሰዓት።

እዚህ ላይ ስለ ሰዓት ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም የዚህ ጉዞ ጣጣ ሁሉ ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ዛንዚባር ላይ ሰዓት የሚቆጠረው ልክ እንደኛ ነው። ፀሐይ ስትወጣ አስራ ሁለት፣ ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሌላው ቱሪስት በጣቱ ስድስት ሲደምርና ሲቀንስ እኛ ዝም ብለን መስማት ብቻ ነው። ቃላቱም ሩቅ አይደሉም። ሰዓት ሳአ ነው። ደቂቃ ዳኪካ፣ ሒሳብ ሄሳቡ፣ ባሕር ባሃሪ። ስዋሂሊ እነዚህን ከዐረብኛ ነው የወሰዳቸው፣ ለእኛ ጆሮ ደግሞ ዘመድ ናቸው።

ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅኩ፣ ጃምቢያኒ ከመምጣቴ በፊት፣ በጉዞው ሁለተኛ ቀን ተሸወድኩ። ስቶን ታውን በሚባለው የዛንዚባር አሮጌ ከተማ ውስጥ የቅመም እርሻ የሚያስጎበኝ አንድ ልጅ አገኘሁና በጋራ ለሚደረግ ጉብኝት 10,000 ሺሊንግ ቀብድ ሰጠሁት። በእንግሊዝኛ «ነገ በሦስት» አለኝ። እኔም ጎበዝ ተጓዥ ነኝና፣ እንግሊዝኛ ከተናገረ የፈረንጅ ሰዓት ነው ብዬ፣ በራሴ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታጥቤ፣ ፀሐይ መከላከያ ተቀብቼ ሄድኩ። መኪናው የወጣው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። ልጁ የተናገረው የገዛ ራሱን ሰዓት ነው፣ የእኔንም ሰዓት ነው፣ እኔ ግን ፈረንጅ ልሆን ስሞክር ቀረሁ። ቀብዱም አልተመለሰም። ቅርንፉድ ዛፉ ላይ ምን እንደሚመስል እስካሁን በዓይኔ አላየሁም።

ገንዘቡን አስቀድሜ ልናገር፣ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ስለሆነ። ከአውሮፕላን ትኬት ውጭ የያዝኩት 250 ዶላር ነው። ለአራት ሌሊት። ከዳሬሰላም የሚያሻግረው ፌሪ ለውጭ ዜጋ 35 ዶላር ነበር፣ ደርሶ መልስ 70። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ዜጋ ሁሉ የደሴቲቱን የጉዞ ዋስትና የመግዛት ግዴታ አለበት፣ 44 ዶላር። 92 ቀን ያገለግላል። እኔ የምቆየው አራት ሌሊት! ሰማንያ ስምንቱን ቀን ለማን ላውርሰው? አልጋ በአማካይ 15 ዶላር፣ ማለትም 60። የቀረኝ 76 ዶላር ነው። በቀን 19። አንድ ዶላር ያኔ 2,500 ሺሊንግ አካባቢ ስለነበር ኪሴ ሲታይ ግን የ190,000 ሺሊንግ ጌታ ነኝ።

መልኬ ይረዳኛል ብዬ ነበር። በከፊል ረድቶኛል። አፌን እስክከፍት ድረስ ሁሉም በስዋሂሊ ነው የሚያናግረኝ፣ ልክ ስናገር ዋጋው ወዲያው ይቀየራል። አንዱ ሽማግሌ ብቻ ነው አተኩሮ አይቶኝ «ምሀበሺ?» ያለኝ። አዎ ስለው እጄን ጨብጦ ለቀቀኝ፣ ምንም አልሸጠልኝም። ፌሪው ላይ ግን መልክ አይሠራም፣ ፓስፖርት ነው። ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል ብትሆንም የራሷ መንግሥትና የራሷ ፕሬዚዳንት ስላላት ወደቡ ላይ እንደገና ፓስፖርት ይታያል።

መሻገሪያው ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ስለ ፌሪው የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከታች፣ ወደ ኋላ ተቀመጡ። እኔ እይታ ብዬ ፊት ተቀመጥኩ። ያየሁት የማስታወክያ ላስቲክ ነው።

ስቶን ታውን የሚታየው በእግር ነው። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፣ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ትከሻውን ማዞር አለበት፣ ከኋላ ሞተር ሲመጣ ደግሞ ሁለቱም ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። ካርታው ስልኬ ላይ አለ፣ ግን ከሕንፃዎቹ ቁመት የተነሳ ያለሁበትን አያውቅም። ሦስት ጊዜ ጠፋሁ። መጥፋት ነፃ ነው፣ ስለዚህ በጀቴን አይነካም። የተቀረጹ ግዙፍ በሮች፣ የነሐስ ጉብጉብ ያላቸው። በየቤቱ ግድግዳ ስር የድንጋይ መደብ አለ፣ ባራዛ ይሉታል፣ ሽማግሌዎች ቡና እየጠጡ ይጫወቱበታል። በሦስተኛው ጊዜ ስጠፋ የመጀመሪያው ባራዛ ላይ የነበሩት ሽማግሌዎች ጋ ተመልሼ መጣሁ። ከት ብለው ሳቁብኝ።

በባሕሩ ዳር ያለውን ትልቁን ቤተ መንግሥት ማየት እፈልግ ነበር፣ ለስሙ ስል። ቤት አል-አጃኢብ ይባላል። ትርጉም የሚያስፈልገው አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ሱልጣን ባርጋሽ እ.ኤ.አ. በ1883 ያሠራው ነው፣ በደሴቲቱ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ መብራት የገባለት ሕንፃ። እኔ ስደርስ ግን በብረትና በእንጨት ታጥሮ ነበር። በዲሴምበር 2020፣ በፈረንጆቹ የገና ቀን፣ ከፊሉ ተደርምሶ ሰው ሞቷል። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ያየሁት አጃኢብ ይኸው ነው።

የባሪያ ገበያው የነበረበት ቦታ ላይ ግን ቆየሁ። መጀመሪያ በጀቴን አስቤ ላልፈው ነበር፣ የመግቢያው ዋጋ ከአንድ ቀን ምግቤ አያንስም። ገባሁ። ገበያው እ.ኤ.አ. በ1873 ሲዘጋ እንግሊዞቹ እዚያው ላይ ካቴድራል መሥራት ጀመሩ። መሠዊያው የቆመው ሰዎች ታስረው ይገረፉበት በነበረው ምሰሶ ቦታ ላይ ነው ይላሉ። ውጭ፣ ግቢው ውስጥ፣ አራት ማዕዘን ጉድጓድ አለ፣ በውስጡም አምስት የሰው ሐውልቶች ቆመዋል። አንገታቸው ላይ ብረት ነው፣ በሰንሰለት ተያይዘዋል። ክላራ ሶርናስ የምትባል ስዊድናዊት ቀራፂ እ.ኤ.አ. በ1998 የሠራችው ነው። የያዘኝ ቁመታቸው ነው። ጉድጓድ ውስጥ ስለሆኑ አንተ ከላይ ነህ፣ ቁልቁል ነው የምታያቸው፣ ያኔ ለመግዛት የመጣው ሰው እንዳያቸው። ይህ ሲገባኝ ወደ ኋላ አልኩ። ከጎኔ የነበሩ ሁለት ልጆች ፎቶ ሊነሱ ነበር፣ ከዚያ ተዉት፣ ማንም ሳይናገራቸው።

ማታ ፎሮዳኒ የሚባለው መናፈሻ ውስጥ ምግብ ይሸጣል። ሁሉም ሂድ ይላችኋል። እኔም እላለሁ፣ ግን እንደኔ አትሁኑ። ዋጋ ሳልጠይቅ አንዱ ሻጭ ኦክቶፐስ ሰካልኝ፣ ዓሣ ጨመረልኝ፣ «ቅመስ ወንድሜ» እያለ ሳህኑን ሞላው፣ ከዚያ 30,000 ሺሊንግ አለኝ። የቀን በጀቴ ሲሶ ያህል ሲቀር እዚያው አለቀ። ኦክቶፐሱ ደግሞ የጫማ ሶል ነው። እየበሸቅኩ ስወጣ የአካባቢው ሰው ተሰልፎ አየሁና እኔም ተሰለፍኩ። ኡሮጆ ይባላል። ቢጫ፣ ወፈር ያለ፣ በሎሚና በማንጎ ኮምጠጥ ያለ ሾርባ ነው፣ ውስጡ ድንች፣ ባጅያ፣ እንቁላል፣ ከላይ የተጠበሰ ካሳቫ ይበተንበታል። 3,000 ሺሊንግ። ከዚያ በኋላ በቀን ሁለት ጊዜ ኡሮጆ ነበር የምበላው። ሸንኮራ በዝንጅብልና በሎሚ ጨምቀው የሚሰጡትንም አትለፉ።

ወደ ጃምቢያኒ ታክሲ 40 ዶላር ተባልኩ። ዳላዳላ ቁጥር 309 ደግሞ ጥቂት ሺህ ሺሊንግ ነው፣ ከ2 ዶላር በታች። ምርጫ አለ እንዴ?

ዳላዳላው ትንሽዬ የጭነት መኪና ነው፣ ከኋላ የእንጨት ጣሪያ ያለው፣ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ፊት ለፊት። መስኮት የለውም፣ ነፋሱ ዝም ብሎ ይገባል፣ ይህ ከማንኛውም የታክሲ ኤሲ ይሻላል። ጣሪያው ላይ ሁለት ብስክሌት፣ የከሰል ጆንያ፣ አንድ የእንጨት በር። ሞልቷል ስል ሦስት ሰው ይገባል። አሁንስ ሞልቷል ስል ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ» ይላል፣ በስዋሂሊ ቢሆንም ድምፁና እጁ ያው ነው፣ ረዳት የትም ረዳት ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ከፊቴ የተቀመጠች ሴትዮ ሳትጠይቀኝ ቦርሳዬን ከጉልበቴ ላይ አንስታ እግሯ ስር አደረገችው፣ በምትኩ የሦስት ዓመት ልጇን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ልጁ እስከ ጆዛኒ ጫካ ድረስ ተኛብኝ። ቀዮቹ ኮሎበስ ጦጣዎች ያሉበት ጫካ ነው፣ በዓለም ላይ በዛንዚባር ደሴቶች ላይ ብቻ ነው የሚገኙት። እነሱን ለማየት ባልወርድም አንዷ መንገዱን ስታቋርጥ ሾፌሩ ቆመላት። በነፃ አየሁ ማለት ነው።

እና ሁለት ሰዓት ሙሉ ጉልበቴን አጥፌ፣ የሰው ልጅ አዝዬ፣ ስደርስ ባሕሩ የለም። ነገሩ አሁን ገባችሁ?

ምክንያቱ ጨረቃዋ ናት። ሙሉ በሆነችበት ሰሞን ነበር የሄድኩት። ጨረቃ ስትሞላ ወይም አዲስ ስትወለድ ከፀሐይ ጋር በአንድ መስመር ስለምትሆን የሁለቱ ስበት ይደመራል፣ ባሕሩም ከሌላው ጊዜ አብልጦ ይሞላል፣ አብልጦም ይጎድላል። በዚህ ባሕር ዳር ልዩነቱ እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። የምሥራቁ ዳርቻ ደግሞ ጠፍጣፋ ነው፣ ውሃው ትንሽ ዝቅ ሲል በአግድሙ ብዙ ይርቃል። ስድስት ሰዓት ያህል ወስዶ ይሄዳል፣ ስድስት ሰዓት ያህል ወስዶ ይመለሳል፣ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ። አልጋ ስይዝ የውሃ ግፊቱን፣ አጎበሩን፣ ዋይፋዩን ሁሉ አጣርቻለሁ። ባሕሩ የሚገኝበትን ሰዓት የጠየቅኩት ማንንም አልነበረም።

እስከ አስር ሰዓት ምን ልሥራ? ባሕሩ ካልመጣ እኔ ልሂድ ብዬ በአሸዋው ላይ ወደ ውስጥ መራመድ ጀመርኩ።

ሰው ሞልቶ ነበር። ከዳር ሆኜ ባዶ የመሰለኝ ቦታ ላይ ሴቶች በየቡድኑ ጎንበስ ብለው ይሠራሉ። ቀሚሳቸውና ሻርፓቸው ጉልበት የማይደርሰው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ። የባሕር አረም ነው የሚያለሙት፣ ምዋኒ ይሉታል። አሸዋው ላይ እንጨት ተቸክሏል፣ ከእንጨት ወደ እንጨት ገመድ ተወጥሯል፣ ገመዱ ላይ በየስንዝሩ ትንሽ ትንሽ እስር አረም ተንጠልጥሏል። ልክ ልብስ እንደተሰጣበት ገመድ፣ ግን ውሃ ውስጥ።

አንዲት እናት አጠገብ ስደርስ ከፔንሲዮኑ ልጅ የተማርኩትን «ሺካሞ» አልኩ። ለታላቅ ሰው የሚሰጥ ሰላምታ ነው፣ መልሱ «ማራሃባ» ነው። ቀና ብለው አዩኝ። «ማራሃባ» አሉና የሆነ ነገር ጨመሩ፣ አጠገባቸው ያለችው ልጅ ሳቀች። «ምን አሉ?» ብዬ በእንግሊዝኛ ጠየቅኳት። «ከቆምክ አይቀር ያዝ» ነው ያሉት።

ያዝኩ። ከአሮጌው አረም የእጅ መዳፍ የሚያህል ትቆርጣለህ፣ በቀጭን ሲባጎ ገመዱ ላይ ታስራለህ። ከጠበቀ ይበጠሳል፣ ከላላ ሞገድ ይወስደዋል። እሳቸው አንዱን ለማሰር ሦስት ሰከንድ አይፈጅባቸውም፣ ደግሞ ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነው። እኔ አንዱን ስታገል እሳቸው የገመዱን ግማሽ ጨርሰው እኔ ያሰርኩትን ፈተው እንደገና አሰሩት፣ ምንም ሳይሉ። አረሙ ሲይዙት ለስላሳ ግን ጠንካራ ነው፣ ቅርጭጭ ይላል፣ ሽታው ጨው ጨው ነው። ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ወደ ውጭ ይላካል። የጥርስ ሳሙናና አይስክሬም የሚያወፍረው ነገር ከእሱ ነው የሚወጣው። ሥራው እዚህ ለገበያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፣ አብዛኞቹ ሠራተኞች ደግሞ ሴቶች ናቸው። ልጅቷ እንደነገረችኝ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው ዝርያ አሁን አይበቅልላቸውም። ውሃው እየሞቀ ስለሆነ ይታመማል፣ ይነጣል፣ ይሞታል። እነሱም የቀረውን፣ ርካሹን ዝርያ ያስራሉ።

እኔ ማዘኔን ሳልጨርስ አንዲት እግሬ ተወጋች።

ነጠላ ጫማዬን ጭቃው እየጎተተ ሲያስቸግረኝ አውልቄ በእጄ ይዤ ነበር። የባሕር ጃርት ረገጥኩ። አራት ጥቁር እሾህ ተረከዜ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። እናትየው እግሬን ሳይሆን በእጄ የያዝኩትን ጫማ ነው ያዩት። ከዚያ የገዛ እግራቸውን አነሱ። የላስቲክ ጫማ፣ በላዩ ወፍራም ካልሲ። ይህኛው ትርጉም አላስፈለገውም።

ልጅቷ ደግፋኝ ወደ ዳር ወጣሁ። ከአንድ ቤት ጓሮ ያልበሰለ ፓፓያ ተቆረጠልኝ። ቆዳውን በቢላ ጫር ጫር ሲያደርጉት ነጭ ወተት ያወጣል፣ እሱን ተረከዜ ላይ አንጠባጠቡልኝ። ትንሽ ያቃጥላል። ሁለቱ እሾህ በማግስቱ ወጣ፣ ሁለቱን የፔንሲዮኑ ልጅ በመርፌ አወጣልኝ፣ እየሳቀ። ክፍያ ልስጥ ስል ማንም አልተቀበለኝም። በመጨረሻ ስኳርና ሻይ ቅጠል ገዝቼ ለእናትየው ቤት ላክሁ።

አስር ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ እግሬን ሰቅዬ ተቀምጬ ባሕሩ ሲመለስ አየሁ። እኔ የጠበቅኩት እየደነፋ እንዲመጣ ነበር። እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ አሸዋው ላይ ያሉት ትንንሽ ቦዮች ያብረቀርቃሉ። ቀጥሎ አንዱ ኩሬ ከሌላው ይገናኛል። የተጋደሙት ጀልባዎች አንድ ጊዜ ነቅነቅ ይላሉ፣ ከዚያ እንደነቃ ሰው ቀስ ብለው ይነሳሉ። ዞር ብለህ ሻይ ስትጠጣ የነበረው አሸዋ የለም። ሰማያዊ ነው። ያ የፎቶው ሰማያዊ። ሁሉም እየሮጠ ገባ። እኔ ቁስሌ በጨው እንዳይቃጠል ተቀምጬ ቀረሁ።

በማግስቱም ያው ነው። ጠዋት ባሕሩ የለም፣ ማታ እግሬ የለም።

ጨረቃዋ ግን ለሁሉም እኩል ወጣች። አጎበሩ ስር ሆኜ፣ ቬንቲሌተሩ መብራት ሲጠፋ ቆሞ፣ በመስኮቱ ስትገባ ክፍሉ ነጭ ሆነ። የጠበቅኳት ያህል ተናደድኩባት።

የምመለስበት ቀን ዳላዳላው የሚወጣው «ሳአ ኩሚ ና ምቢሊ» ነው፣ አስራ ሁለት ሰዓት፣ ይህን አላመለጠኝም። አስራ አንድ ተኩል ላይ ቦርሳዬን አንግቤ ስወጣ ገና ጎህ እየቀደደ ነው። ባሕሩ በር ድረስ መጥቷል። አልዋሽም፣ የፔንሲዮኑ አጥር ስር ያለውን ግንብ እየመታ ነው፣ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ አንድም ሰው የለም። ሙላቱ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ እየዘገየ እዚህ ሰዓት ላይ ደርሶልኛል።

ሰዓቴን አየሁ። ቦርሳዬን ግንቡ ላይ አስቀመጥኩ። ሱሪዬን አውልቄ፣ አዎ በውስጥ ሱሪ፣ ገባሁ። ተረከዜ አቃጠለኝ። ውሃው ለብ ያለ ነው። በጀርባዬ ተንሳፍፌ ሰማዩ ሲቀላ እያየሁ ከመንገዱ በኩል የዳላዳላ ክላክስ ሰማሁ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ የረዳቱን ጩኸት።

የሚቀጥለው በአንድ ሰዓት ይመጣል።